«ፎርማት ይደረግ» ይብቃን

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ «ስቀርጽ ድምፁ ይንጣጣብኛል» ብሎ ዴስክቶፑን ተሸክሞ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። መቼ መቼ እንደሚንጣጣ የሚጠይቀው የለም። ማይኩ በምን በኩል እንደተሰካ አይታይለትም፤ የተበላሸው ቀረጻ እንኳ አንድ ጊዜ ተከፍቶ አይደመጥም። ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ይሰካል፣ ዲስኩ ይጸዳል፣ ድራይቨር ፓክ ይለቀቅበታል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሲቀርጽ ድምፁ እንደገና ይንጣጣል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ «ማሽኑ አርጅቷል፣ ራም ጨምርበት» ይባላል።

ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የምቃወመው ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብቻ አይደለም። በዚህ አካባቢ ዴስክቶፕ ለብዙ ሰው ስቱዲዮው ነው። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለአንድ መዝሙር ብሎ ያን መንገድ የሚሄድ የአጥቢያ መዘምራን ቡድን ስንት አለ? የሠርግ ዘፋኙም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም፣ የአያቱን ጌራርሳ (የኦሮሞ የጀግንነት ዘፈን) ለልጆቹ ለማቆየት የሚጣጣረውም ሰው የሚቀርጸው አገልግሎ በተሸጠ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ባለሙያው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ብዙ የቀረጻ ፕሮግራሞች ሌላ ቦታ ካልተመረጠላቸው ፋይሉን የሚያስቀምጡት ዶክዩመንትስ ውስጥ ነው፤ ዶክዩመንትስ ደግሞ ያለው ሲ ላይ ነው። ፎርማት ሲደረግ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል። ያለፈ ሽማግሌ ድምፅ ግን ከየት ይመጣል?

ድምፅ ሲቀረጽ የሚንጣጣው ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ተበላሽቶ አይደለም። ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን ለምሳሌ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ ልኬቱን የሚረከበው ግን አንድ በአንድ ሳይሆን በፈር በሚባል ጥቅል ነው። በፈሩ 256 ላይ ከተደረገ ፕሮሰሰሩ በየ5.3 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥቅል መረከብ አለበት፤ ሰዓቱ አንድም ጊዜ ማለፍ የለበትም። በመካከሉ የሌላ ዕቃ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ከዚያ በላይ ይዞ ቢያቆየው ጥቅሉ ያመልጣል፤ ጆሯችን «ጠ» ብሎ የሚሰማው ያንን የጎደለ ቁራጭ ነው። አዲስና ፈጣን ኮምፒውተር የገዙ ሰዎች ጭምር በዚህ የሚቸገሩት ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ በአማካይ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ አንዴ ከዘገየ ቀረጻው ተበላሽቷል።

የሚያዘገየውን ደግሞ መገመት አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። ላተንሲሞን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ለቤት ተጠቃሚ በነፃ ነው። ከፍተው ጥቂት ደቂቃ ሲያቆዩት የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን እንደሚይዝ በስሙ ይነግራል። ብዙ ጊዜ ተይዞ የሚገኘው የዋይፋይ፣ የኔትወርክ ወይም የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው። ዋይፋዩ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ በቀረጻ ሰዓት ማጥፋት ነው። ከዚያ የኃይል አጠቃቀሙን ከባላንስድ ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ መለወጥ፣ ዊንዶውስ ለቁጠባ ብሎ ዩኤስቢን የሚያስተኛበትን ምርጫ ማጥፋት፣ ሳውንድ ካርዱን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ነቅሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ በቀጥታ መሰካት። ዘፋኙ ራሱን በሳውንድ ካርዱ በኩል በቀጥታ የሚሰማ ከሆነ በፈሩን ወደ 512 ወይም 1,024 ከፍ ማድረግ ምንም አይጎዳም። ይህን የሞከረ ጥገና ቤት ስንት ነው? ሥራው ፎርማት ከማድረግ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዲስኩ ላይ ደግሞ አንድ ፋይል አይነካም።

ድራይቨር ፓክ የተወደደበት ምክንያት ይገባኛል። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ከተማ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ሃርድ ዲስክ ተሸክሞ መዞር ትልቅ እፎይታ ነው። ለጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ይበቃ ይሆናል። ለቀረጻ ግን አይበቃም። ጥቅሉ የዕቃውን ዓይነት ለይቶ የሚስማማ የሚመስለውን ይጭናል እንጂ የሳውንድ ካርዱ አምራች ለቀረጻ ብሎ ያዘጋጀውን አይፈልግም፤ ያልተጠየቁ ፕሮግራሞችንም አብሮ ሊያስገባ ይችላል፤ እነሱ ደግሞ ከበስተጀርባ እየሠሩ ያንኑ ፕሮሰሰር ይሻማሉ። ከዚያ በላዩ አሲዮ ፎር ኦል ይጫናል። አሲዮ የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው መንገድ ነው፤ ድምፅ በዊንዶውስ ማደባለቂያ ሳያልፍ በቀጥታ እንዲገባ ያደርጋል። አሲዮ ፎር ኦል ግን የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ለሌለው ዕቃ የተሠራ ድልድይ ነው። የፎከስራይት ሳውንድ ካርድ የገዛ ሰው ፎከስራይት ያዘጋጀለትን ድራይቨር ትቶ በድልድይ የሚሄድበት ምክንያት የለም። አንዴ በስልክ ዳታ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ስለ ራምና ስለ አዲስ ማሽን የሚነገረውንም ሂሳቡ አይደግፈውም። ስምንት ማይክ በአንድ ጊዜ በ24 ቢት ብንቀርጽ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው በሰከንድ 1.15 ሜጋባይት ያህል ነው። ጤነኛ የሆነ ያረጀ ሃርድ ዲስክ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጽፋል። ብዙ ራም የሚያስፈልገው ከባድ የመሣሪያ ድምፆችን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለሚያቀናብር ሰው ነው፤ ሁለት ማይክና አንድ ኪቦርድ ለሚቀርጽ የመዘምራን ቡድን አይደለም። ለራም ሊወጣ የነበረው ብር ለጥሩ ኬብልና ለማይክ ማቆሚያ ቢውል ለውጡ በጆሮ ይሰማል።

ከመንጣጣቱ ሌላ ደግሞ «እምም» የሚለው ድምፅ አለ። ይህ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ ሶፍትዌር ጋር ምንም አይገናኝም፤ የመብራታችን 50 ሄርዝ ነው። ይህ አካባቢ ሶር ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ የተሠራበት አገር ነው፤ ብዙ ቤታችን ግን እስከ ዛሬ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ካለውም ላይ ሦስተኛውን እግር ቆርጠው የሚሰኩ አሉ፤ ይህ ለጆሮ ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም አደገኛ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ስፒከሩና ሳውንድ ካርዱ ግራውንድ ካለው ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ ሲሰኩ እምምታው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መጠራት ያለበት ኤሌክትሪሺያን ነው። ፎርማት እምምታን አያጠፋም፤ ሆኖም «ድምፅ አለው» ተብሎ የመጣ ኮምፒውተር በዚህም ምክንያት ይጸዳል። (የጎሬና የመቱ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚገባውን ድምፅ ደግሞ ማንም አያወጣውም፤ እሱን በሰዓት መረጣ ብቻ ነው የምንችለው።)

ለጥገና ባለሙያዎቹ የሚከራከር ሰው ጠንካራ ነጥብ አለው። ፎርማት የታወቀ ዋጋ አለው፤ ደንበኛው ይከፍላል። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ምክንያት ለፈለገ፣ በመጨረሻም አንድ ምርጫ ብቻ ለለወጠ ባለሙያ ግን «ምን ሠራህና?» ይባላል። ይህ የእኛ የደንበኞቹ ጥፋት ነው፤ ሙያን ትተን የምንገዛው ድካምን ስለሆነ። በፍላሽ ከቤት ቤት በሚዞር ቫይረስ የተወረረ ዲስክም አለ፤ ያኔ ፎርማት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። እኔ የምለው መጨረሻ ላይ ይምጣ ነው። አሁን መጀመሪያም መጨረሻም እሱ ሆኗል፤ ሙያውን የሚማሩ ልጆችም ጥገና ማለት ዊንዶውስ መጫን እየመሰላቸው ነው። ምክንያቱን ያልፈለገ ባለሙያ ከመቶኛው ኮምፒውተር በኋላም ከመጀመሪያው የበለጠ አያውቅም።

ስለዚህ የመመርመሪያ ዋጋ ለብቻው ይለጠፍ፤ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል። ባለሙያው ያገኘውን በአንድ መስመር ጽፎ ይስጠን፦ የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ግራውንድ የሌለው ሶኬት፣ የላላ ኬብል፣ የሆነውን። ፎርማት የግድ ከሆነም የቀረጻው ፎልደር ከሲ ላይ መጀመሪያ ይገልበጥ። የአንድ ሰዓት የስምንት ማይክ ቀረጻ 4.1 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ሰባት ሰዓት ይይዛል። ያንን ገልብጦ፣ መከፈቱንም አሳይቶን፣ ከዚያ በኋላ ዲስኩን ያጽዳ።