ከመረቡ የተለቀመች ግጥም

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ መልስ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ፊት ቆሜ ሳገላብጥ የራሴን ግጥም በማላውቀው መጽሐፍ ውስጥ አገኘኋት። ከ3 ዓመት በፊት በድረ ገጽ ያወጣኋት፣ ለሟች እናቴ የጻፍኳት አሥራ ሁለት ስንኝ ናት። ስሜ የለም። «እምዬ» ያልኩት «ፍቅሬ» ተብሎ፣ እናቴ የማላውቃት ኮረዳ ሆና ቀርታለች። የመጽሐፉ ጀርባ «ከልዩ ልዩ ድረ ገጾች የተሰበሰበ» ይላል፤ ከሥሩ ዋጋውና የአሰባሳቢው ስልክ አለ።

ደወልኩ። ሰውዬው ትሑት ነው። «ጌታዬ፣ ማንም በነጻ እንዲያነበው ያወጡትን እኔ ደክሜ ለሕዝብ አደረስኩት፤ ሊያመሰግኑኝ ሲገባ!» አለኝ። ይህን ሙግት ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁና ልናቀው አልፈልግም።

እንጀራዬ በባንክ መስኮት ገንዘብ መቁጠር ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በመሳቢያዬ ብልጫ ቢገኝ፣ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ብዬ ኪሴ አልከተውም። በብልጫነት ተመዝግቦ ባለቤቱን ይጠብቃል። በአደባባይ የተሰጣ ግጥምም ባለቤት አልባ ነው ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ እስከሆነና እስከተጻፈ ድረስ ጥበቃውን የሚሰጠው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ጥራቱን እንኳ አይጠይቅም (ለእንደኔ ዓይነቱ ገጣሚ መልካም ዜና ነው!)። ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት ሳለና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል።

በእርግጥ ከመረቡ የሚሰበሰብ ሁሉ አንድ አይደለም። የየዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ ለቅሞ በሠንጠረዥ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ቅር አይለኝም፤ እንዲያው መረጃ የሆነ ነገርና የሕግ ጽሑፍ በአዋጁ ጥበቃ ውስጥ አይገቡም። አሰባሳቢም በመረጣና በአደራደር የራሱን ፈጠራ ካሳየ ለስብስቡ መብት አለው፤ ነገር ግን የእርሱ መብት የእኔን አይውጥም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የስንቱን ግጥም በደብተሬ ገልብጫለሁ! ያን ለግል ጥቅም ነውና ሕጉ ይፈቅደዋል። ደብተሬን አባዝቼ ዋጋ ለጥፌበት ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ክርክሩ የድሆች አገር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ዮርክ ታይምስን ጨምሮ በአሳታሚዎች ላይ የቀረበ ክስ ተመልክቶ ነበር። ከሳሾቹ እነ ጆናታን ታሲኒ ጽሑፋቸውን ለጋዜጣና ለመጽሔት የሸጡ ነጻ ጸሐፍት ናቸው። አሳታሚዎቹ እነዚያኑ ጽሑፎች ሳያስፈቅዱ ለኤሌክትሮኒክ የመረጃ ቋቶች አሳልፈው ሰጥተዋል። ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ለጸሐፍቱ ፈረደ። እነዚያ ዋጋ ተቀብለው እንኳ ለሁለተኛው ሽያጭ ፈቃድ ካስፈለገ፣ ምንም ያልተከፈለኝ እኔማ እንዴት አልጠየቅም?

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። አዋጁ በ1996 ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ስለ አሥራ ሁለት ስንኝ የአንድን አባወራ አምስት ዓመት የሚጠይቅ ገጣሚ ይኖራል? እኔ አልሆንም። ቅጣቱ ሲከብድ ባለመብቱ ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ለቃሚው መንገዱ የተፈቀደ ይመስለዋል። ለእኔ ቢጤ የሚጠቅመው ፈጥኖ የሚያስታርቅና ለትንሽ ጥፋት ትንሽ ካሳ የሚቆርጥ ሥርዓት ነው።

ሰውዬውን የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው፤ ስሜ እንዲጻፍ፣ «እምዬ» ወደ ቦታዋ እንድትመለስ፣ ወደፊትም ከማንም ግጥም ሲወስድ አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለሁለተኛው እትም ቃል ገብቶልኛል። ሦስተኛውን ሳነሳበት ግን «ስንቱን ፈልጌ ላስፈቅድ ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።