ቁመትህ ስንት ነው? ጋቢናህስ?

ፈረንጅ ሞተርሆም ሊገዛ ሲሄድ ብታዩት ትስቃላችሁ። ሞተርሆም ማለት ያው ከኋላው አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት የተገጠመለት፣ መኪናም ቤትም የሆነው ነገር ነው። ጀርመን ዱሰልዶርፍ ውስጥ በየዓመቱ ትልቅ የሞተርሆም ኤግዚቢሽን ይደረጋል። እዚያ የመጣ ገዢ ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ይጋደማል። ሚስትየውም ከጎኑ ትጋደማለች። ከዚያ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋና ክርኑ ግድግዳ ይመታ እንደሆነ ይሞክራል። ሻጩም አይቆጣም፤ እንዲያውም ይጠብቀዋል።

ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ብዙው ሞተርሆም የሚሠራበት ፊያት ዱካቶ የውስጥ ስፋቱ 1.87 ሜትር ነው። የመካከለኛው ጣሪያ ከፍታ ደግሞ 1.93 ሜትር ገደማ። ወለሉ ላይ ጣውላ፣ ጣሪያው ላይ የሙቀት መከላከያ ሲጨመርበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላል። እንግዲህ 1.90 የሆነ ሰው አስቡት፤ ሲቆም ፀጉሩ ጣሪያ ይጠርጋል፣ አልጋው በመኪናው ወርድ ከተዘረጋ ደግሞ ሲተኛ ጉልበቱ ይታጠፋል። ስለዚህ ወይ 2.17 ሜትር የሚሰጠውን ከፍተኛ ጣሪያ ይገዛል፣ ወይ አልጋውን በመኪናው ርዝመት ያዘረጋል። ሰውየው ራሱን ለክቶ ነው ቤቱን የሚመርጠው።

"እኛ ጋ ሞተርሆም የለም" የሚለኝ አንባቢ ካለ ጋላፊ ድረስ ሄዶ ይይልኝ። ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ጋቢና ውስጥ ሰው ይኖራል። ይተኛል፣ ይበላል፣ ልብሱን ያሰጣል፣ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባቡሩ መስመር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የንግድ ሥራ ቢጀምርም ዛሬም አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው በከባድ መኪና ነው። ምልልሱ ላይ ጭነት መጠበቅ፣ ጉምሩክ መጠበቅ፣ ወረፋ መጠበቅ ሲጨመር ሹፌሩ ከቤቱ አልጋ ይልቅ ጋቢናው ውስጥ የሚያድርበት ሌሊት ይበዛል። ጋቢና ከጣሊያን የተረፈልን ቃል ነው፤ እኛ ግን መኖሪያ አድርገነዋል።

የሞተርሆሙ ሰውዬና የእኛ ሹፌር የሚለያዩት አንድ ነገር ላይ ነው። ያኛው የሚተኛበትን ራሱ ይመርጣል። ለዚህኛው የሚመርጥለት አንዲት ሌሊት እንኳ እዚያ ውስጥ የማያድር ሰው ነው። ባለንብረቱ መኪና ሲያዝ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ጭነት ኩንታል፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታ ይጠይቃል። አልጋው ስንት ሜትር ነው ብሎ የጠየቀ ባለንብረት እስካሁን አልገጠመኝም።

በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ረጅም ሹፌር አሉ። ሎጊያ ላይ ሲያድሩ የጋቢናውን በር ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጪ ያወጣሉ። በሩ ሲከፈት ትንኝ ይገባል፤ ሌባም አለ። በሩን ከዘጉ ደግሞ በአፋር ሙቀት እንደ ድፎ ዳቦ መጋገር ነው፤ ላዩ ላይ ጉልበትን አገጭ ድረስ ማጠፍ አለ። ሌሊቱን እንዲህ ታጥፈው ያደሩ ሰው ጠዋት ተነስተው በዚያ ቀጥ ባለና ማለቂያ በሌለው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይነዳሉ። ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ እንቅልፍ ይጠራል። እኛ አይሱዙን "አልቃይዳ" ብለን የሰየምን ሰዎች ነን። ስም ለማውጣት ማን ብሎን! አደጋ በደረሰ ቁጥር ሹፌሩን እንሰድባለን እንጂ ትናንት ማታ የት ተኛ ብለን አንጠይቅም።

ቁመት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቆሞ የሚለካውን ነው። ጋቢና ውስጥ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ሰው ሲተኛ ትራስ አለው፣ የእግሩ ጣት ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ስለዚህ ከቁመቱ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አልጋ ያስፈልገዋል። 1.75 የሆነ ሰው ሲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ አናቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአልጋው በላይ ይህን ያህል ክፍተት ከሌለ ተቀምጦ ሸሚዝ መልበስ እንኳ አይችልም፤ ተኝቶ ይለብሳል። (እኔ 1.86 ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን የማኖርበት አጥቼ ረዳቱ "ጠጋ በል" ሲለኝ ወዴት እንደምጠጋ ግራ ስለሚገባኝ ይህ ሒሳብ በደንብ ይገባኛል። ግን እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እወርዳለሁ።)

ከዚያ ደግሞ ጉብታው አለ። እኛ ጋ የምናያቸው አብዛኞቹ ከባድ መኪናዎች አፍንጫ የላቸውም፤ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ነው። ስለዚህ ወለሉ መሐል ላይ ያብጣል። መርሴዲስ አክትሮስን ብንወስድ እንደ ጋቢናው ዓይነት የሞተሩ ጉብታ 32 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጭራሽ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነም አለ። የጋቢናው ስፋትም ሁለት ዓይነት ነው፣ 2.30 እና 2.50 ሜትር። አልጋው የሚዘረጋው በወርዱ ስለሆነ የበሮቹና የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ያቺ የ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት እግር በመዘርጋትና እግር በማጠፍ መካከል ያለች ልዩነት ናት። ትልቁ ጋቢና ውስጥ 2.13 ሜትር ከፍታ ስላለ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፋብሪካው እያንዳንዱን ዓይነት ይሠራዋል። የሚያዘው ሰው ነው የሚመርጠው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ብንጠይቅ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ከባድ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ከዲሲ እስከ ሲያትል በየቤቱ አንድ አይጠፋም። የሀገሩ ሕግ የመኪና አልጋ ቢያንስ 75 ኢንች ማለትም 1.90 ሜትር ርዝመት፣ 61 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ከፍራሹ በላይም 61 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው ያዛል። 61 ሴንቲ ሜትር ላይ መቀመጥ እንደማይቻል ቅድም አስልተናል፤ ሕጉም ያን ያህል ቸር አይደለም። ግን ቁጥር አለ። ሹፌሩ ሜትር ይዞ ሊለካው ይችላል። ደግሞ 11 ሰዓት ከነዳ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታው ነው።

እዚያ ጋቢናው ለምን እንደሰፋም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕግ ግዛቶች በዋና ዋና መንገዶች ላይ የመኪናውንና የተሳቢውን ጠቅላላ ርዝመት እንዳይገድቡ ከለከለ፤ የሚለካው ተሳቢው ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጋቢናው ወደ ኋላ ቢረዝም የሚቀንስ ጭነት የለም። አውሮፓ ግን ጠቅላላ ርዝመቱን በ16.5 ሜትር ወሰነች። ጋቢናው አንድ ሜትር ቢረዝም ጭነቱ አንድ ሜትር ያጥራል። ነጋዴ ደግሞ ከሹፌር እግርና ከጭነት ምረጥ ሲባል የቱን እንደሚመርጥ ታውቃላችሁ። እነሱም ቢሆኑ ዘግይተው ሕጉን አላሉትና እ.ኤ.አ. በ2021 የሆላንዱ ዳፍ ረዘም ያለ ጋቢና ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ በፊት በ2020 ደግሞ ሹፌር የ45 ሰዓቱን ሳምንታዊ ዕረፍት ጋቢና ውስጥ እንዳያሳልፍ በሕግ ከለከሉ። አልጋው የቱንም ያህል ቢመች መኪና ቤት አይደለም ማለታቸው ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መኪና ማስገባት ራሱ ሕልም ሆኗል፤ ስለ አልጋ ታወራለህ?" የሚለኝ ባለንብረት እንዳለ አውቃለሁ። ሐቅ አለው። ከፍተኛ ጣሪያ ያለው ጋቢና ዋጋው ከፍ ይላል። ግን "ንፋስ ይይዛል፣ ነዳጅ ይበላል" የሚባለው ለጅቡቲ መስመር አያሳምነኝም። መደበኛው ኮንቴይነር ቁመቱ 2.59 ሜትር ነው፤ ተሳቢው ላይ ሲወጣ ከመሬት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ንፋሱን ኮንቴይነሩ ቀድሞውኑ ይዞታል። ከፍ ያለው ጋቢና ከፊቱ ይሸፍነዋል እንጂ ተጨማሪ ግድግዳ አይሆንበትም። ደግሞ የሚገለበጥ መኪና ዋጋም በብር ነው የሚተመነው።

ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የትራንስፖርት ማኅበራት በጅምላ መኪና ሲያዙ የማዘዣው ወረቀት ላይ የአልጋ ርዝመት የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩ። ባንክ ለመኪና ሲያበድር የሞተር ቁጥር ይመዘግብ የለ? የጋቢናውንም ዓይነት ይመዝግብ። ብዙ መኪና ያለው ድርጅት ደግሞ ሹፌር ሲመድብ ረጅሙን ሰው ለሰፊው ጋቢና ቢሰጠው አምስት ሳንቲም አያወጣም። ይህቺኛዋ ነገ ጠዋት መጀመር ትችላለች።

አጭር ሹፌሮችም አልተረሱም። አጭር ሰው በደንብ ይተኛል፤ ችግሩ ሲነዳ ነው። መቀመጫው በበቂ ካልተነሳ ከመስተዋቱ ሥር፣ ልክ ከመኪናው አፍንጫ ፊት የቆመ ሕፃን አይታየውም። መቀመጫው ሲነሳ ደግሞ እግሩ ፍሬኑ ላይ በደንብ አይደርስም። ትራስ ደራርቦ የሚነዳ ሹፌር አይታችሁ ከሆነ ችግሩ እሱ ጋ እንዳልሆነ እወቁለት። ወንበሩ እንዲነሳም ወደ ፊት እንዲጠጋም ሆኖ የተሠራ መኪና አለ፤ እሱም የሚታዘዝ ነገር ነው።

ረዳቱስ የት ነው የሚተኛው? አልጋው አንድ ከሆነ መልሱን መንገዱ ላይ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰሌን አንጥፎ ተሳቢው ሥር ነው። እዚያ የቁመት ገደብ የለም፤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር ነው።