ስለ ኳስ ቡድን ፍቅር

ከቶ በአካል ከማያውቃቸው አሥራ አንድ ጐልማሶች ጋራ ነፍሱን አስተሳስሮ፣ ድል ባደረጉ ጊዜ የሚፈነድቀውን፣ በተሸነፉም ጊዜ እህል የማይቀምሰውን ሰው ከንቱ ነው ብለው የሚነቅፉ ወገኖች የነገሩን ሥር የመረመሩ አይመስለኝም። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ኳስ ቡድን በፋሺስት ወረራ ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ቢገደድም ከሕዝቡ ልብ ያልተፋቀው፣ ነፃነቱን ለተነጠቀ ትውልድ በአደባባይ የሚተባበርበት ማኅበር ስለ ሆነለት ነው። ቡናማና ቢጫ የለበሰው የኢትዮጵያ ቡና ቡድን ወዳጅ፣ ከአንድ ማዕድ አብሮት ከሚቈርሰው የጊዮርጊስ ደጋፊ ወንድሙ ተለይቶ፣ በስታዲየሙ በር ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ፣ ድምፁ እስኪዘጋ የሚዘምረውም፣ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ደስታና ኀዘን ከእልፍ አእላፍ ጋራ ስለሚካፈል ነው። የሁለቱ ቡድኖች ደጋፊዎች ድንጋይ መወራወራቸውን አጥብቄ አወግዛለሁ፤ ባላንጣነታቸው ግን ይኑር፤ ጊዮርጊስ የሌለበት የውድድር ዓመት ለቡናው ደጋፊ ምን ጣዕም ይኖረዋል?