የሙዚቃ ጓዶችና የገቢ ክብረ ወሰን

ንግድ በሱቅና በመጋዘን ብቻ የሚካሄድ አይደለም። ዘፈንም ዛሬ በአይሮፕላንና በከባድ መኪና ተጭኖ ከአገር ወደ አገር የሚዞር ሸቀጥ ሆኗል። ስለዚህ ዘፋኞች በትርኢት ጉዞ የሚያገኙት ገቢ የሙዚቃ ወዳጆችን ብቻ ሳይሆን ሒሳብ ዐዋቂ ነጋዴንም የሚመለከት ነገር ነው።

ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዩ ቱ የተባለው የአየርላንድ የሙዚቃ ጓድ በ110 ትርኢቶች 736 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስቦ ክብረ ወሰኑን ይዞ ነበር። ጓዱ አንድ ዐይነት መድረክ በሦስት አሠርቶ ስለ ነበር፥ በአንዱ ላይ ሲዘፈን ሌላው በሚቀጥለው ከተማ ይተከል ነበር፤ ገንዘቡም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ይሁን እንጂ በ2019 ኤድ ሺራን፥ በ2023 ኤልተን ጆን፥ ከዚያም ቴይለር ስዊፍት ክብረ ወሰኑን ተቀባበሉት፤ ሦስቱም በየግላቸው የሚዘፍኑ ናቸው። የስዊፍት ጉዞ በ2023 ተጀምሮ በ2024 መጨረሻ እስኪፈጸም ድረስ በ149 ትርኢቶች ከ10 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጦ ከ2 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገቢ አስገኘ።

ከዚህ ተነሥቶ ጓድ ከእንግዲህ ክብረ ወሰን ሊሰብር አይችልም የሚል አይጠፋም። አሳቡም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። ጓድ እንደ ሽርክና ነው፤ ትርፉ ይከፋፈላል፥ ሸሪኮቹ ቢጣሉ ሥራው ይቆማል። ኦአሲስ የተባለው የእንግሊዝ ጓድ በ2009 በሁለት ወንድማማቾች ጠብ ከፈረሰ በኋላ እስከ 2025 ድረስ በመድረክ አልታየም። ገዢው ሳይጠፋ ሱቁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ሰው ፍርዱ ሌላ ነው። ኮልድፕሌይ በ2022 በጀመረው ጉዞ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ እርሱም ከ10 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል። ጊዜው ረዘም ያለ ቢሆንም የሰበሰበው ሕዝብ ከስዊፍት አላነሰም። ገቢው ግን ከ1 ቢሊዮን ዶላር እምብዛም አልራቀም። ልዩነቱ የዋጋ ነው፤ የስዊፍት ትኬት በአማካይ 200 ዶላር ያህል ሲሆን፥ የኮልድፕሌይ ከ100 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነበር። እንግዲህ ጓድ የተበለጠው ገዢ አጥቶ አይደለም።

ታዲያ ጓዶች ዋጋ ቢጨምሩ ክብረ ወሰኑን ይሰብራሉን? ሊሰብሩ ይችላሉ። ጥያቄው ግን በምን ኪሣራ የሚለው ነው። በ2024 የኦአሲስ ትኬት ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ብዙ ሰዓት ተራ የጠበቁ ገዢዎች ተራቸው ሲደርስ የአንዳንዱ ትኬት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት። ነገሩ የብሪታንያ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራ እስኪከፍት አደረሰ። ትኬቱ ተሸጧል፤ ቅሬታው ግን ከገዢው ጋራ ወደ ቤት ሄዷል።

በሌላም በኩል፥ ክብረ ወሰን የሚቈጠረው በጠቅላላ ሽያጭ እንጂ በትርፍ አይደለም። የመድረክ፥ የማጓጓዣና የሠራተኛ ወጪ ከዚያው ይወጣል፤ የ2011 ዶላርም ከ2024 ዶላር ጋራ በመግዛት ኀይሉ አይተካከልም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ስምምነቱን የጠበቀ ጓድ ክብረ ወሰኑን አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም። ለነጋዴ ግን የሚበልጠው መለኪያ በዓመቱ መጨረሻ በመዝገቡ የሚሰፍረው ትልቅ ቍጥር ሳይሆን፥ ዘንድሮ የገዛው ደንበኛ ለከርሞም በደስታ ተመልሶ መምጣቱ ነው።