ተራው የዘገየበት ልጅ



የምርቃት ፎቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ በብዙ ቤት የሚገባ አንድ ዝምታ አለ። ልጁ ዲግሪውን ይዞ ቤት ተቀምጧል። ማስታወቂያ ያነባል፣ ማመልከቻ ያስገባል፣ ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት «አይዞህ፣ ያልፋል» እንላለን። ዓመት ሲሞላ ግን አይዞህ ማለቱ ይቀርና «የእነ እገሌ ልጅ እኮ…» ማለት እንጀምራለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን ያሳደግናቸው እኛው ነን፤ እንቁላሉ በገዛ ቤታችን ሲዘገይ ግን ትዕግሥታችን ያልቃል።

ዛሬ የማጫውታችሁ ተራው በጣም ስለዘገየበት አንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ ነው። ስሙ ከርት ዋርነር ይባላል። የተጫወተው እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድርገው፣ ጫፍና ጫፏ በሾለ ኳስ የሚጫወቱትን የአሜሪካውን ፉትቦል ነው። ቦታው ኳርተርባክ ነበር። ኳርተርባክ ማለት ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች ነው። ኳሷ እጁ ስትገባ ግዙፍ ተከላካዮች ሊጥሉት ይሮጡበታል፤ እሱም በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር መወሰን አለበት። ይህን ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተጠባባቂ የሆነ ሰው የመጀመሪያው ካልተጎዳ ወይም ካልተሻረ በቀር ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ቆሞ ሲያይ ይኖራል።

ዋርነር የተወለደውና ያደገው አይዋ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ነው። እዚያው ኖርዘርን አይዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እስከ መጨረሻው የትምህርት ዓመቱም ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ተራው ሲደርሰው በሊጉ የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ግን አንድ ዓመት ብቻ የታየን ልጅ ማን ይመርጣል? ትልልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ እየጠሩ የሚመርጡበት ሥርዓት አላቸው። በ1994 ከ200 በላይ ወጣቶች ስማቸው ሲጠራ የእሱ ስም አልተጠራም። ግሪን ቤይ ፓከርስ ለሙከራ ወሰደው፤ ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተው።

ዋርነር ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ሴዳር ፎልስ ተመለሰ። ቀን የቀድሞ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ያግዛል፤ ሌሊት ደግሞ ሃይ-ቪ በተባለ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ዕቃ ይደረድራል። ክፍያው በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር።

በዚያን ጊዜ ብቻውን አልነበረም። ኋላ ሚስቱ የሆነችው ብሬንዳ የቀድሞ ወታደር ስትሆን፣ ከመጀመሪያው ትዳሯ ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቁ ልጅ ዛካሪ ሕፃን ሳለ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰ አደጋ የማየት ችሎታውን በእጅጉ ያጣ ነው። ኑሯቸው በብሬንዳ ወላጆች ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ የምግብ ወጪያቸውንም የሚደጉሙት መንግሥት ለችግረኞች በሚሰጠው ኩፖን ነበር። እስቲ በጎረቤት ዓይን እንየው፦ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ በሰው ቤት የሚኖር፣ ሌሊት ዕቃ የሚደረድር፣ ቀን ደግሞ «ተጫዋች ነኝ» የሚል የ23 ዓመት ጎልማሳ። እኛ ብንሆን ምን እንለው ነበር?

በእኛ አነጋገር ዋርነር ለእነዚያ ልጆች የእንጀራ አባት ነው። ይህ ቃል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ደግ ነገር ትዝ አይለንም። እዚህ ግን ትክክለኛ ቦታውን አገኘ፤ ሰውየው ሌሊቱን ቆሞ እየሠራ እንጀራ ያመጣላቸው ነበርና። በ1997 ከብሬንዳ ጋር ተጋቡ፤ ሁለቱን ልጆች በሕግ የራሱ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ አምስት ተጨምረው ቤቱ የሰባት ልጆች ቤት ሆነ።

ወደ ሜዳው እንመለስ። በ1995 ዴ ሞይን ከተማ የሚገኘው አይዋ ባርንስቶርመርስ ቀጠረው። ይህ ቡድን የሚጫወተው በአዳራሽ ውስጥ ነው፤ የትልቁ ሊግ ሜዳ 100 ያርድ ሲረዝም የአዳራሹ 50 ያርድ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን የሚሰለፉትም 11 ሳይሆኑ 8 ናቸው። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ የሚያየው ውድድር ነበር። ይሁን እንጂ በጠባብ ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ የሚያመነታ ወዲያው ይወድቃል። ኋላ ዋርነርን ያስመሰገነው ኳስን ቶሎ የመልቀቅ ችሎታ የተሳለው እዚያ ነው። ቡድኑን ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ አድርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በዚሁ መሐል፣ በ1996፣ የብሬንዳ እናትና አባት በአውሎ ነፋስ አደጋ በአንድ ቀን ሞቱ። ቤታቸውን የከፈቱላቸው እነዚያ ሰዎች የደጉን ቀን ሳያዩ አለፉ።

በ1998 አምስተርዳም ሄዶ በአውሮፓው ሊግ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ሴንት ሉዊስ ራምስ በሦስተኛ ተጠባባቂነት ያዘው። በቀጣዩ ዓመት ክሊቭላንድ ብራውንስ ቡድኑን ሊያቋቁም ከየክለቡ ተጫዋቾች ሲመርጥ፣ ራምስ ሊወሰዱ ይችላሉ ካላቸው መካከል ዋርነር አንዱ ነበር። ብራውንስ አልፈለገውም።

ነሐሴ 1999 የራምስ የመጀመሪያ ተሰላፊ ትሬንት ግሪን በወዳጅነት ጨዋታ ጉልበቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። የ28 ዓመቱ ዋርነር ገባ። ባለፈው ዓመት 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በዚያ ዓመት 13 አሸንፎ በ3 ተሸነፈ። ዋርነር ለነጥብ የበቁ 41 ኳሶችን አቀብሎ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ጥር መጨረሻ 2000 አትላንታ ላይ በተደረገው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ከቴነሲ ታይታንስ ጋር 16 ለ16 እያሉ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው፣ ለአይዛክ ብሩስ በወረወረው ኳስ 73 ያርድ ተጉዘው ነጥብ አገኙ። ታይታንስ መልስ ለመስጠት ሮጡ፤ የመጨረሻው ተጫዋች መስመሩን ለማለፍ አንድ ያርድ ሲቀረው ተያዘ። ውጤቱ 23 ለ16 ሆነ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ «አየህ ልጄ፣ የታገሠ ሁሉ ይደርሳል» ለማለት እንቸኩላለን። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ትሬንት ግሪን ባይጎዳስ? ብራውንስ ወስዶ በሌላ ወንበር ቢያስቀምጠውስ? ያ የመጨረሻ አንድ ያርድ ባይጎድልስ? የዋርነርን ያህል ለፍተው ተራቸው ያልደረሰ ብዙዎች አሉ፤ ስማቸውን አናውቅም። ለልጅ የማናውቀውን ነገር ቃል መግባት፣ ቀኑ ሲዘገይ «የጎደለኝ ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ራሱን እንዲጠላ ያደርገዋል።

ይልቅ ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ። ግሪን ባይጎዳ ኖሮም ዋርነር ያው ሰው ነበር። ሌሊት የሠራው፣ ቀን ከሙያው ያልራቀው፣ የሌላ ሰው ልጆችን እንደራሱ የያዘው ሰው በ1994ም ነበረ። ጭብጨባው ሲመጣ ዓለም አየው እንጂ አዲስ ሰው አልተፈጠረም። በዚያ ምድር ቤት አብረውት የኖሩት ግን ቀድመው ያውቁት ነበር። ወላጅነትም እንዲሁ ነው፦ ዓለም ሳያየው በፊት ልጁን ማየት።

ደግሞም ተራ ከመጣ በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። ዋርነር በ2001 ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ኮከብ ቢባልም፣ በ2003 ቦታውን ለማርክ በልጀር አስረከበ። በ2004 ኒው ዮርክ ጃይንትስ ገብቶ ዓመቱ ሳያልቅ ለጀማሪው ኢላይ ማኒንግ ለቀቀ። አሪዞና ካርዲናልስ ሄዶም እንደገና ተጠባባቂ ሆነ። ግን ቀድሞ የለመደው ወንበር ነውና ቁጭ ብሎ መጠበቅን ያውቅበታል። በ37 ዓመቱ ካርዲናልስን በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱፐር ቦውል አደረሰ፤ በፒትስበርግ ስቲለርስ 27 ለ23 ተሸነፉ። በ2010 ጫማውን ሰቀለ፤ በ2017 ስሙ በስፖርቱ የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ሰፈረ።

እንግዲህ ቤታችሁ የሚጠብቅ ልጅ ካለ፣ «መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ እናቆየው። መልሱ በእጁ የለም። «ዛሬ ምን ሠራህ? ምን ተማርክ?» ብንለው ግን መልሱ በእጁ ነው። ካጠናው ትምህርት ያነሰ ሥራ ቢያገኝ፣ ሱቅ ቢቆም፣ ዕቃ ቢያወርድ፣ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» አንበለው። ከዚያ ሥራ ጎን ሙያውን የሚነካበት አንድ ሰዓት እንዲኖረው ግን እናግዘው፤ ዋርነርን ከሜዳው እንዳይርቅ ያደረገው ቀን ቀን ከቡድኑ ጋር መዋሉ ነበር። አያቶችም በዚህ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። እናትና አባት በጭንቀት ሲናገሩ፣ ዘመን ሲያልፍና ሲመጣ ያያችሁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የእናንተ አንድ ቃል ቤቱን ያረጋጋል።

ያ ልጅ ነገ ቢደርስም ባይደርስም፣ ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ከእናንተ ጋር ነው። እንጀራውን በሰላም ይብላ።

ለሳምንት ያድርሰን።