ለበሬ የተደረገው ለፍየልም ይደረግ

ሰው እስከ ዛሬ ከምድር ገጽ ጨርሶ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ፈንጣጣ ነው፤ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲታወጅ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ከብት ይፈጅ የነበረው ደስታ በሽታ ነው። የእሱ መጥፋት በ2011 ሲበሠር ግን የከተማው ሰው ልብ ያለውም አይመስለኝም። እኛ ኢትዮጵያውያን ልብ ልንለው ይገባ ነበር። በታሪካችን እንደ እሱ ብዙ ቤት የዘጋ የእንስሳት በሽታ የለም፤ እሱን ለማጥፋት ከደከሙት መካከልም የእኛው አርብቶ አደሮች አሉበት። ዛሬ የማነሣው ግን ለዝክር አይደለም። የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ በጎቻችንንና ፍየሎቻችንን እየገደለ ነው፤ ዓለምም እስከ 2030 ሊያጠፋው ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸም ከሆነ፣ አፋርንና ሶማሌን፣ ቦረናንና ደቡብ ኦሞን የመሳሰሉት ቆላዎች ላይ ካልተሠራበት በቀር አይሆንም።

ክፉ ቀን የምንለውን ዘመን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። መነሻው ምጽዋ ነው። በ1887 የጣሊያን ጦር ለስንቁ ከሕንድ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር ቫይረሱ ወደብ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ አገሩን አዳረሰው። ከከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ጥማድ ጠፋ፤ ጥማድ ሲጠፋ መሬቱ ጦሙን አደረ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ በዚያ ላይ ተጨመሩ። እስከ 1892 በዘለቀው ረሃብና ረሃቡን ተከትለው በመጡ ወረርሽኞች ከሕዝቡ ሲሶው ያህል እንደሞተ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰዉ አርአያ ለመሆን እንደሞከሩ ተጽፏል። ቫይረሱ ግን አንድም ሰው አልያዘም፤ በሰው ላይ የሚተርፍ በሽታ አይደለም። ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው በሬውን ገድሎ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዘልቆ በየደረሰበት ይኸንኑ አደረገ።

ፍቱኑ ክትባት የተገኘው በኬንያ፣ ናይሮቢ አጠገብ ባለችው ሙጉጋ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ከ90 ጊዜ በላይ እያራቡ አቅሙን አዳከሙት። በመጨረሻ ከብቱን የማያሳምም፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተወጋ ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ክትባት ወጣው። ፕላውራይት በዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ክትባቱ በ1960 ገደማ በእጅ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻው የደስታ በሽታ ቫይረስ የተገኘው ግን በ2001፣ በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ፣ በዱር ጎሾች ላይ ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ በሽታው ለምን 40 ዓመት ያህል ቆየ?

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ የክትባት ዘመቻ ተደርጎ በሽታው ከአብዛኛው አገር ጠፋ። ሲጠፋ ገንዘቡም ትጋቱም ላላ። ቫይረሱ ግን በማሊና በሞሪታኒያ ድንበር፣ በእኛም በኩል በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፎች አድፍጦ ነበርና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ከብቱን ፈጀው። ሌላው እንቅፋት ሙቀት ነበር። የፕላውራይት ክትባት በረዶ ይፈልጋል። በረዶ መኪና ይፈልጋል፣ መኪና መንገድና ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ክትባቱ የሚደርሰው መኪናው እስከቆመበት ድረስ ነበር፤ በሽታው የሚኖረው ከዚያ ወዲያ፣ ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ በሚንከራተትበት በረሃ ነው። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቫይረሱን አልነኩትም። የለወጡት ክትባቱ የሚደርቅበትን መንገድና አብሮት የሚገባውን ማረጋጊያ ነው፤ እርጥበቱ እጅግ እስኪያንስ ረዘም ላለ ጊዜ አደረቁት። በዚህ ብቻ ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቆላ ሙቀት ለ30 ቀን ያህል መሰንበት ቻለ። በጀርባ በሚታዘል ሻንጣ ገብቶ በእግር መሄድ ቻለ ማለት ነው።

ታዲያ ማን ይዞት ይሂድ? በአፋር መልሱ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የየአካባቢው ሽማግሌዎች ሰው መርጠው ሰጡ። ከተመረጡት መካከል ቀለም ያልቆጠሩም ነበሩ። አጭር ሥልጠና ወስደው፣ መርፌና ክትባት ይዘው፣ ከመንጋው ጋር የሚኖሩ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ሆኑ። ከብቱ ክረምት የት እንደሚሰማራ፣ በጋ የትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጣ፣ የማን ከብት ከማን ጋር እንደሚቀላቀል የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። በኋላ ደም ተወስዶ ሲመረመር ከከተቧቸው ከብቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት መከላከያ አበጅተው ተገኙ። ለዘመናት የደስታ በሽታ ቤት የነበረው አፋር ከ1995 በኋላ በሽታውን አላየውም። ኢትዮጵያም በ2008 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመሰከረላት። ዓለም ለክፉ ቀን ብሎ ካስቀመጠው የደስታ በሽታ ክትባት ከፊሉ ዛሬ ቢሾፍቱ፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ውስጥ በጥንቃቄ ይጠበቃል።

የበግና የፍየሉ በሽታ በሳይንሱ ሰፈር ፒፒአር ይባላል፤ በእኛ ዘንድ የበግና የፍየል ደስታ በሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1942 በኮትዲቯር ነው። በኢትዮጵያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአፋር ፍየሎች ላይ ተጠርጥሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። የያዛት ፍየል ትኩሳት ይነሣባታል፤ ዓይኗና አፍንጫዋ ይዝረበረባል፣ አፏ ይቆስላል፣ ያስቀምጣታል፣ በመጨረሻም ሳንባዋ ይመታል። ያረገዘችው ትጨነግፋለች። በሽታውን ጨርሶ በማያውቅ መንጋ ውስጥ ከገባ ከ10 ፍየል እስከ 9 ሊገድል ይችላል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ የሚያደርሰው ኪሳራ ከ1.4 እስከ 2.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። እንዲህ ያለው ቁጥር ግን ከእናቶች ጓዳ የሚሆነውን አይነግረንም። በቆላው የሕፃኑ ወተት ከፍየል ነው፤ የትምህርት ቤቱ ደብተር፣ የክሊኒኩ ካርድ፣ የሰርጉ ጥሎሽም በፍየል ይሸፈናል። በሬ ሲሞት ጎረቤት ተሰብስቦ ያዝናል፤ የአንዲት እናት አምስት ፍየሎች በሳምንት ውስጥ ሲያልቁ ግን ወሬው ከመንደሩ አይወጣም።

የቫይረሱ አሠራር ለሰው ሐኪሞችም እንግዳ አይደለም። የሰው ኩፍኝ፣ የከብቱ ደስታ በሽታና ፒፒአር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስቱም መጀመሪያ የሚገቡት ሰውነትን ሊጠብቁ በተሠማሩት ነጭ የደም ሕዋሳት በኩል ነው፤ ስለዚህ ኩፍኝ የያዘው ልጅ በሳንባ ምች፣ ፒፒአር የያዛት ፍየልም በሌላ የሳንባ በሽታ ልትሞት ትችላለች። በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ዝምድናውን ወደ ኋላ ተከትሎታል። ተመራማሪዎቹ በ1912 በርሊን ውስጥ በኩፍኝ ከሞተች የሁለት ዓመት ሕፃን ተወስዶ በኬሚካል ከተቀመጠ ሳንባ የቫይረሱን ዘር አወጡ። እሱን ከሌሎች ጋር አነጻጽረው፣ ኩፍኝ ከደስታ በሽታ የተለየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ሊሆን እንደሚችል አሰሉ። ከተሞች ሰፍተው ሰው ከከብቱ ጋር በተጎራበተበት ዘመን ማለት ነው። የእንስሳት ጤና የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን ጥናት አሳየዋለሁ።

ዝምድናው መልካም ዜናም አለው። ደስታ በሽታን ለማጥፋት ያስቻለው ባሕርይ ፒፒአርም ላይ አለ። ቫይረሱ በቅርብ ንክኪና በትንፋሽ እንጂ በነፍሳት አይተላለፍም፤ ከእንስሳ ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ድና የተነሣች ፍየል ተሸክማው አትኖርም፣ ዳግመኛም አይዛትም። ናይጄሪያ 75/1 የሚባለው ክትባት በ1975 ናይጄሪያ ውስጥ ከተገኘ ቫይረስ የተሠራ ሲሆን፣ አንድ መርፌ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። ይህም ለአብዛኞቹ ፍየሎች ዕድሜ ልክ እንደማለት ነው። ሙቀት የሚችል የፒፒአር ክትባት አሠራርም፣ ያው ማሪነር ባለበት፣ በደስታ በሽታው ልምድ ተጠንቶ ቀርቧል።

ፍየሏን ከበሬው የሚያከብዳት መራባቷ ነው። ግልገሎቹ ከእናታቸው በሚያገኙት መከላከያ ለሦስት ለአራት ወራት ይጠበቃሉ፤ ከዚያ ጋሻ የሌላቸው አዳዲስ እንስሳት ይሆናሉ። ዘንድሮ መንጋውን ሁሉ ብንከትብ፣ ለከርሞ ትልቁ ክፍል ያልተከተበ ነው። በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የ2020/21 ጥናት መሠረት በአገሪቱ 43 ሚሊዮን ገደማ በግና 52 ሚሊዮን ገደማ ፍየል አለ። ይህን ሁሉ በየዓመቱ ለመውጋት ማሰብ ገንዘብ መበተን ነው፤ የሚያስፈልግም አይመስለኝም። በ2018 በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ተሠርቶ የታተመ የሒሳብ ሞዴል እንዳሳየው ቫይረሱ በራሱ አቅም የሚዘልቀው መንጋ ከመንጋ በሚቀላቀልበት የቆላው አርብቶ አደር አካባቢ ነው። በደጋው በየጓሮው በሚታሰሩ ጥቂት በጎች መካከል ለብቻው ብዙ አይቆይም፤ ከቆላ በገበያ በኩል እየመጣ ይቀጣጠላል እንጂ። ስለዚህ ክትባቱ ለሁሉም ወረዳ እኩል ይከፋፈል የሚለው፣ በስብሰባ ላይ ፍትሐዊ የሚመስለው አሠራር፣ በሽታውን አያጠፋም። የደጋው ገበሬ እንዲድን መጀመሪያ የቆላው መንጋ መከተብ አለበት። ይህን ለመናገር የክልል ባለሥልጣናት ድፍረት ያስፈልጋቸዋል፤ ጥናቱ ግን በእጃቸው ነው።

በሽታው የድሆች አገር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ አውሮፓን ይመልከት። በሐምሌ 2024 ግሪክና ሮማኒያ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ቡልጋሪያ፣ በጥር 2025 ሀንጋሪ ገባ። እነሱ በሽታው የተገኘበትን መንጋ በሙሉ አስወግደው፣ ለባለቤቱ ካሣ ከፍለው፣ መንገድ ዘግተው ሊያቆሙት ይሞክራሉ። እኛ እንዲህ ማድረግ አንችልም፤ የአርብቶ አደርን መንጋ ማረድ ቤተሰቡን ማፍረስ ነው። ሞንጎሊያ ውስጥም በ2017 ቫይረሱ ከቤት እንስሳት ወደ ዱር ተሻግሮ ሳይጋ የተባለችውን ብርቅ የሜዳ አጋዘን በሺዎች ፈጅቷል። ብዙ ቆላዎቻችን ከብሔራዊ ፓርክ ጋር የተዋሰኑ ናቸውና ይህም ሊያሳስበን ይገባል።

ጥያቄዬ የተወሰነ ነው። ክትባቱን የምናመርተው እዚሁ ነው፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ1964 ጀምሮ ክትባት እየሠራ ነው። ሳይንሱ ተሠርቷል። የጎደለው ከቢሾፍቱ እስከ መንጋው ያለው መንገድ ነው። በአፋር ያን ሥራ የሠሩት የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች በብዙ ቦታ ፕሮጀክት ሲመጣ ተሰብስበው ሲያልቅ የሚበተኑ ሆነዋል። ከማንም የፕሮጀክት ዕድሜ ጋር ያልተያያዘ ክፍያና ክትትል ያስፈልጋቸዋል። የክትባቱ ወቅትም የበጀት ዓመቱን መዝጊያ እየጠበቀ መሆኑ ይቅርና ግልገሎቹ ከተወለዱበት ወራት ይቆጠር፤ መቼ እንደሚወልዱ እረኛው ያውቃል። በድርቅ ዓመት መንጋው ተሰዶ በአንድ ውኃ ላይ ሲከማች ደግሞ ከመኖው ጋር ክትባቱም አብሮ ይድረስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከበሽታው ነጻ ነን ለማለት የሚበቃ አገር የሆነ ቀን ላይ መከተብ ማቆም አለበት። ከዚያ በኋላ በሚወለዱት እንስሳት ደም ውስጥ መከላከያ ከተገኘ ቫይረሱ አሁንም አለ ማለት ነው። አሁን ያለው ክትባት የሚያበጀው መከላከያ ታሞ ከዳነ እንስሳ መከላከያ አይለይም፤ የሚለይ ክትባት ለመሥራት በየላቦራቶሪው እየተደከመ ነው። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለው መለኪያ የደም ምርመራ ነው። በየዓመቱ የምንሰማው ሪፖርት ይህን ያህል ሚሊዮን እንስሳ ተከተበ የሚል ነው። የተወጋ መርፌ ሁሉ ግን ሠርቷል ማለት አይደለም፤ በመንገድ ላይ የሞቀ ክትባት የተወጋች ፍየል ከሪፖርቱ ትቆጠራለች፣ ከበሽታው ግን አታመልጥም። ግብርና ሚኒስቴርና ክልሎቹ ከተከተቡት ውስጥ ስንቱ መከላከያ እንዳበጀ መርምረው፣ ወረዳ በወረዳ ለሕዝብ ያውጡ። ያኔ የትኛው ወረዳ እንደቀረ እናያለን፤ ለምን እንደቀረም እንጠይቃለን።