ለነርስ እናት ምስጋና ብቻ አይበቃትም

በቤር ሼቫ ሽኩና ጊሜል የሚኖር ሰው የሶሮካን ሆስፒታል ለማወቅ መታመም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው ሆስፒታል ለደቡቡ አገር ሁሉ መድረሻ ነው፤ ከሰፈሩም ሩቅ አይደለም። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት፣ በ7:00፣ በ15:00 እና በ23:00፣ ከሚገቡትና ከሚወጡት ሠራተኞች መካከል ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ልጆች አሉ።

ለአዳር የምትገባ እናት እራት አቅርባ፣ የልጆቿን የቤት ሥራ አይታ፣ የነገ ልብሳቸውን አዘጋጅታ ነው ከቤት የምትወጣው። ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ፣ መድኃኒት ስትሰጥ፣ ጉሉኮስ ስትተክል ታነጋለች። ጠዋት ለቀን ተረኞች አስረክባ ቤቷ ገብታ ጋደም ልትል ስትል በሩ ይንኳኳል። የቁፓት ሖሊም፣ የጤና መድን ድርጅቱን፣ ደብዳቤ የያዙ ጎረቤት ናቸው። «ልጄ፣ ይችን ብቻ አንብቢልኝ።» ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ታነባለች፣ ታስረዳለች፣ ስልክ ደውላ ቀጠሮ ታስይዛለች።

ማኅበረሰቡ ይህችን ሴት ይወዳታል። በሠርጉም በለቅሶውም «የኛ ነርስ» ይላታል፤ ይመርቃታል። ምርቃቱ ከልብ ነው። ነገር ግን ጎበዝ በተባለች ቁጥር ሥራ ይጨመርባታል እንጂ አይቀነስላትም።

ሸክሙ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ፤ ስኳር በሽታ በመንደራቸው ብርቅ ነበር። ምግቡና አኗኗሩ ሲለወጥ በሽታው በማኅበረሰቡ ውስጥ ተስፋፋ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጾሙ ለኖሩ አዛውንት በጾም ቀን ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወሰድ ማስረዳት ሐኪሙ በዕብራይስጥ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። የሚያስረዳላቸው ቋንቋቸውንና ጾማቸውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ማኅበረሰቡ በጤና ተቋማት ላይ የነበረው እምነትም ተሰብሮ ነበር። በጃንዋሪ 1996 ከቤተ እስራኤላውያን የተለገሰ ደም በድብቅ ሲጣል መቆየቱ በጋዜጣ ሲወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የቆመች አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ደም ትቀዳለች፤ ደሙ የት እንደሚሄድም ታስረዳለች።

መንግሥትም ችግሩን ያውቀዋል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በሽተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ አዟል። በ1998 የተቋቋመው ቴኔ ብሪዑት የተባለ ድርጅትም ለማኅበረሰቡ ጤና ሲሠራ ቆይቷል፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘትም ይቻላል። ይሁን እንጂ ስልክ ከማንሳት ይልቅ ነርሷን ከሌላ ክፍል መጥራት ይቀላል። የተጠራችበት ሰዓት እንደ ሥራ ካልተቆጠረላት፣ መመሪያው የተፈጸመው በእሷ ጉልበት ነው ማለት ነው።

የአንዲት ነርስ ትጋት ብቻውን የት ድረስ እንደሚያደርስ ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። በ1935 የኢጣሊያ ጦርነት ሲጀመር ገና ልጅ ነበረች። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉም ተመታ። በሜይ 1936 ቤተሰቡ ለስደት ሲወጣ መጀመሪያ ያረፈው በሀይፋ ወደብ በኩል ገብቶ ኢየሩሳሌም ነበር፤ ፀሐይ ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነው። እንግሊዝ አገር እንደደረሰች በንጉሥ ልጅነቷ ተከብራ መቀመጥ ስትችል፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ በ1939 ተመረቀች። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርቷን ቀጠለች።

አገር ነፃ ስትወጣ ተመልሳ በደሴ ሆስፒታል ሠራች። አቢይ አበበን አግብታ እሱ ወደተሾመበት ወደ ወለጋ ወረደች። በኦገስት 17 ቀን 1942 ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። 22 ዓመቷ ነበር።

ሕፃናትን ለማዳን የሠለጠነች ነርስ ራሷ እናት ለመሆን ስትጠባበቅ ሞተች። ትጋት አልጎደላትም፤ እውቀትም ነበራት። እናት በእርግዝና ስትቸገር የሚያድናት በቅርብ የሚገኝ ቀዶ ሐኪም፣ የተዘጋጀ ደምና ሌሊቱን የሚሠራ ሆስፒታል ነው። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ነቀምቴ በዚያ ዘመን ይህን ማግኘት ከባድ ነበር። ያዘኑላት ሰዎች ግን ሐዘናቸውን ወደ ሥራ ለወጡት። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በብሪታንያ ገንዘብ አሰባሰበች፤ በ1951 በስሟ የመታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም እዚያ ሠለጠኑ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው።

በቤር ሼቫም የትጋት ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሶሮካ በአንድ ቀን ከ600 በላይ ቁስለኞችን ተቀበለ። በጁን 19 ቀን 2025 ደግሞ የኢራን ሚሳይል አሮጌውን የቀዶ ሕክምና ሕንፃ መታ፤ በሽተኞቹ ቀድመው ከዚያ በመውጣታቸው ሕይወት ተረፈ። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ሆስፒታል ግን አይዘጋም። ነርሷ ልጆቿን ትታ የገባችው በአብዛኛው ከአያት ወይም ከባል ጋር ነው።

በሰላሙ ቀንም ቢሆን ሒሳቡ አይገጥምም። ጻሃሮን፣ ከትምህርት በኋላ ያለው የልጆች ማቆያ፣ ቢበዛ 17:00 ገደማ ይዘጋል፤ የከሰዓቱ ፈረቃ ደግሞ የሚያልቀው በ23:00 ነው። በመካከል ያሉት ስድስት ሰዓታት የማን ናቸው? ባልየው ሲሸፍናቸው «ሚስቱን አገዘ» እየተባለ ይመሰገናል፤ እሷ ስትሸፍናቸው ግን የሚያስታውሰው የለም። ልጆቹ የሁለቱም ናቸውና እራቱም፣ የቤት ሥራውም፣ የወላጆች ስብሰባውም የእሱም ሥራ ነው።

ሆስፒታሉና ከተማው ለፈረቃ ሠራተኛ ልጆች እስከ ማታ የሚቆይ ማቆያ ሊያዘጋጁ ይገባል። አስተርጓሚነቷም በሥራ ሰዓቷ ውስጥ ተቆጥሮ ሊከፈላት ይገባል። ከሽኩና ጊሜል ሰው የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ማትናሱ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ደመወዝ የሚከፈለው ደብዳቤ አንባቢ ቢያስቀምጥ፣ እነዚያ ጎረቤት የቁፓት ሖሊም ወረቀታቸውን ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ከአዳር የወጣችውም ነርስ ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ትተኛለች።